«አልመጣም» የምትለዋ ቃል

ልጄ ሳያት፣ በሰው አገር ሰላም አይለይሽ። ይህን የምጽፍልሽ አንዲት ቃል እንድታነቢልኝ ነው።

ትተሽው የሄድሽውን የፍቅር ልብ ወለድ ጨረስሁት። ልጅቱን ሰባት ዓመት ያስጠበቃት ሰው ሳይመጣ መቅረቱ ብዙም አልደነቀኝም፤ እውነቱን አለመንገሩ ግን አስቆጣኝ።

በመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «አልመጣም» ብለሽ ጽፈሻል። «ጣ» ጠብቃ ስትነበብ እርሱ መቅረቱን፣ ላልታ ስትነበብ ግን አንቺ እንደማትመጪ ትናገራለች።

ጎረቤታችን ካሰች «አንቺ ደግሞ! ስለ ሰውየው ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ። ትናንት ግን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክፍልሽን ልትከራይ መጥታ «ባዶ ነው?» ስትለኝ «ሰኔ አምስት ተመልሰሽ ጠይቂኝ» አልኋት።

ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። ላልታም ብትሆን አትደብቂኝ፤ እስከ ሰኔ አምስት ድረስ ደውለሽ ቃሏን በድምፅሽ አንብቢልኝ።

እናትሽ ፌቨን፣ ከሐዋሳ