ክሮሞሶምንና ዘረመልን «ያው ነው» ላሉት ሐኪም

ለክቡር የሕፃናት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ምናልባት ቢታመሙም የምርመራ ውጤትዎን አንብቦ የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው እንዲሆን ከልቤ እጸልያለሁ።

እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በመስፋት የምተዳደር፣ ዳውን ሲንድረም ያለባት የዓመት ከመንፈቅ ልጅ እናት ነኝ። ውለታዎን በተራ ላስታውስ።

፩ኛ) ላቦራቶሪው የልጄን ክሮሞሶም ቆጥሮ አርባ ስድስት መሆን የነበረበት አርባ ሰባት መሆኑን፣ ትርፉም ከወላጅ ሳይወረስ በአጋጣሚ የመጣ መሆኑን ቢጽፍም፣ ክቡርነትዎ ለማንበብ ሳይደክሙ «ከእናት የተወረሰ የዘረመል ችግር» ብለው ስለፈረሙልኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ) ወረቀትዎን ያነበቡት አማቴ «ዘርሽን ሳናጣራ ቤታችን አስገባንሽ!» አሉኝ። ባለቤቴ ልብሱን ሰብስቦ እናቱ ቤት ገባ። የታናሽ እህቴም እጮኛ «በዘራቸው አለ» ሲባል ሰምቶ ቀለበቱን አስመለሰ። በአንዲት መስመር አንዱን ትዳር አፍርሶ ሌላውን ጎጆ ሳይቀለስ ማስቀረት እንደ እርስዎ ላለ ባለሙያ እንጂ ለማን ይቻላል?

፫ኛ) እንዲያርሙልኝ ልጄን አዝዬ ሦስት ጊዜ ደጅ ብጠና፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ክሮሞሶም በይው ዘረመል፣ ያው ነው» አሉኝ።

ያው አለመሆኑን የነገረችኝ የክትባት ክፍሏ ነርስ ናት። ማህደሩን አውጥታ አየችና፣ «እህቴ፣ ዲኤንኤ የዘር መልእክት የተጻፈበት ረጅም ክር ነው በይ፤ ዘረመል ከክሩ አንዷ ቁራጭ ናት፤ ክሮሞሶም ደግሞ የክሩ ጥቅል። ልጅሽ አንድ ሙሉ ጥቅል ተርፏታል እንጂ አንቺ የተበላሸ ቁራጭ አላወረስሻትም» አለችኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ዓመት ሙሉ ራሴን ስረግም ኖሬ ነበርና እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ።

ነርሷ በዕረፍት ቀኗ ቤቴ ድረስ መጥታ የላቦራቶሪውን ውጤት በሽማግሌዎች ፊት አነበበች። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ፤ አማቴ ግን እስከ ዛሬ ዓይኔን ማየት ይከብዳቸዋል። የእህቴ እጮኛ ቀለበቱን ይዞ ቢመጣ «ወረቀት የሚያስበረግገው ባል ይቅርብኝ» ብላ በሩን ዘጋችበት።

አሁን የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። ስህተቱን ያርሙ፤ የማን ስህተት እንደሆነም ይጻፉበት።

የእርስዎን ዘር ማንም በአደባባይ እንዳይመረምርብዎ እየተመኘሁ፣ ከማይገባዎት አክብሮት ጋር፣

የልጅቷ እናት

ማሳሰቢያ፦ ልጄ ሰሞኑን ማጨብጨብ ለምዳለች። ለሁሉም ነው የምታጨበጭበው፣ ሰው አትመርጥም። በኮሪደሩ ሲያልፉ ካጨበጨበችልዎ፣ ሥራዎ ተወደደ ብለው እንዳይሳሳቱ።