ቁልፍ ስለሌላቸው በሮችዎ

ለተከበሩ የግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የአዲሱን ቢሮዎን በሮች የሠራሁት እኔ በመሆኔና እንደማይዘጉም ከማንም በላይ ስለማውቅ፣ ብርድ እንዳይመታዎ አጥብቄ እንደምሰጋ እገልጻለሁ።

ሕንፃዎን የገነባውና ሒሳብ በተጠየቀ ቁጥር ሌላ መልስ ስለሌለው እኛ አቅራቢዎች «ነገ ጠዋት» የሚል ቅጽል ስም ያወጣንለት ሥራ ተቋራጭ፣ በሮቼን በዱቤ ወስዶ ከተሰወረ ሰንብቷል። ሆድ ከአገር ይሰፋል ብዬ ብችለውም፣ የሚከተለውን ላቀርብ ደፍሬያለሁ።

፩. በእኛ በብረት ሠራተኞች ልማድ በር በዱቤ ይተከላል፣ ቁልፉ ግን የሚገጠመው የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ ነው። «ነገ ጠዋት» ለምርቃቱ ሲጣደፍ ይህን ዘንግቶ አስረከበ፣ እርስዎም ሳያዩ ተረከቡ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኞችዎ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሰው እንዳይገባባቸው እየሳሉ እንደሚቀመጡ፣ እርስዎ ግን ለክብርዎ ሲሉ ጸሐፊዎን በር ላይ እንደሚያቆሙ ሰምቼ ልቤ ተነክቷል።

፪. እኔ፣ የአሸዋ አቅራቢውና የቀለም ነጋዴዋ ደጅ ስንጠና «ውላችሁ ከእሱ ጋር ነው» ብለው ስላስተማሩን ከልብ እናመሰግናለን። ከእሱ ክፍያ ላይ ቀንሰው የያዙትን የመያዣ ገንዘብ በዚህ ሳምንት እንደሚለቁለት ግን ሳይነግሩን ቀሩ፤ ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል።

፫. ብረቱን የገዛሁት ታላቅ ወንድሜ ቤቱን አስይዞልኝ ነው። አሁን አበዳሪው ቤቱን ሊሸጠው ነው። እዚህ ላይ ቀልዴን ልተው፤ ወንድሜ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፣ ሚስቱ ግን ሳህኖቿን በካርቶን መክተት ጀምራለች፣ እኔም ዓይናቸውን ለማየት አፍሬያለሁ።

ስለዚህ መያዣው ከመለቀቁ በፊት የእኛ ድርሻ ተቀንሶ በቀጥታ እንዲከፈለን፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። የተከፈለኝ ዕለት ቁልፎቹን ይዤ እመጣለሁ፤ መሥሪያ ቤቱም ከሳል ይፈወሳል።

ደጅዎን በመጥናት ጫማዋን የጨረሰች፣ ሆኖም አክብሮቷ ያላለቀባት፣
የበርና የመስኮት ሠራተኛዋ

ግልባጭ፦
ለጸሐፊዎ፣ በር ላይ ቆመው እንዲያነቡት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ «ነገ ጠዋት» ብቅ ብሎ፣ እየተሠራ ላለው የግል መኖሪያ ቤትዎ የግቢ በር በዱቤ እንድሠራለት ጠየቀኝ፤ ለእርስዎ ቃል የገባው ስጦታ መሆኑንና እርስዎም ደጋግመው እየጠየቁት እንደሆነ አልደበቀኝም። ምን ብሎ እየመለሰልዎ እንደሆነ መገመት አላቃተኝም። ክቡር ሆይ፣ ከእሱ የሚጠብቁትን ያላገኙ ሰዎች ዘወትር ሰኞ ሱቄ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ለእርስዎም ወንበር አዘጋጅተናል።