የእማዬ የስለት ወይን

ነሐሴ 22፣ ጠዋት

እንደገና ጉም። ደብተሬ፣ ዛሬም ግማሹ ዳባት የለም። ከጓሯችን ማዶ ያለው መንገድ፣ የጎረቤት ጣሪያ፣ ሁሉም ተውጧል። የቀረው የወይኑ ዳስ ብቻ። ፎቶ ኮፒ ቤቴን መክፈት ነበረብኝ፤ አልተነሣሁም። ሻዬ ቀዝቅዟል።

እማዬ ዳሱ ሥር ቆማ ቅጠል ትገለብጣለች። ከላይ ዘይት የተንጠባጠበበት የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ነጭ ሻጋታ። አምናም እንዲህ ጀምሮ ነው ፍሬው ሁሉ ጠቁሮ የረገፈው። ወይኑን የተከለው አባዬ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ እማዬ ፍሬውን እያደረቀች ዘቢቡን ለቁርባን ለማርያም ቤ/ክ ትሰጣለች። ስለቷ ነው። ከዚህ ሌላ የምሰጠው የለኝም ብላ ታምናለች።

ዘንድሮም ከተበላሸ ንቀይው አለችኝ። አምላክ ስጦታዬን አልፈለገውም ማለት ነው አለች፤ ጨው አልቋል እንደሚል ሰው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ነሐሴ 23፣ ሲመሽ

በየማታው ጠበል ትረጨዋለች። ጀሪካኑን የምትሸከመው ራሷ ናት፤ ላግዝሽ ብላት አትሰማም። ቄጠማ እየነከረች፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቅጠል በቅጠል። እኔ በመስኮት አያለሁ። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ለአፍታ ብቅ ትልና ጠብታው ሁሉ ያበራል። ዳሱ በሙሉ ከመሬት ሊነሣ የተዘጋጀ ይመስለኛል።

ድንቹን ረስቼው አረረ። ቤቱ አሁንም ይሸታል። እኔ ግን የማስበው ቅጠሉን ነው።

ነሐሴ 27

ጎረቤታችን ሐጅ ኑሩ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ቢጫ ዱቄት በላስቲክ ቋጥረው መጡ። ድኝ ነው፣ ለሻጋታ ፍቱን ነው አሉ። እማዬ አመሰገነቻቸው። ቀጥላም፣ ሰዶም ላይ የዘነበውን የቁርባን ወይን ላይ እንዴት እነሰንሳለሁ ሐጅ፣ አለቻቸው። ሳቁ። እሷም ሳቀች። ድኙ ግን ከበር አላለፈም።

ልጃቸው ሰዓዳ ጎንደር ነው የተማረችው፣ የዕፀዋት ትምህርት። ሰሞኑን ስለምትመጣ ትየው ብለው ሄዱ።

ጳጉሜን 1

ሰዓዳ መጣች። እማዬ ቤ/ክ ነበረች። ቅጠሉን ገልብጣ ብዙ አየችው። ድኝ ዱቄት ለሚመስለው ለሌላው ሻጋታ እንጂ ለዚህ አይሆንም አለች። ይሄኛው እርጥብ ይወዳል፤ ቅጠሉ ርሶ ካደረ አለቀ። የታመመውን ለቅሞ ማቃጠል። ታች ያለውን ቅጠል ሳሳ አድርጎ ነፋስ ማስገባት። ከላይ ላስቲክ መዘርጋት። ውሃ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ ብቻ። የሚረጨው መድኃኒትም ቀድሞ ይከላከላል እንጂ የያዘውን አያድንም።

ማታ ማታ ቅጠሉን የሚያርሰው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጠበሉን ነገርኳት። የያዘችውን ቅጠል ለቀቀችው። ይሄን ለእማማ እኔ አልናገርም፣ አንቺ ንገሪያት አለችኝ።

ምን ብዬ? በገዛ እጅሽ ገደልሽው ልበላት? ላስቲኩን ለዝናቡ ነው ብዬ ዘረጋሁ፤ ስለ ጠበሉ ትንፍሽ አላልኩም። ማታ ከላስቲኩ ሥር ገብታ ረጨችው። ፈሪ ነኝ።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። የሩፋኤል ዝናብ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ይጠመቅበታል። ከሱቅ ስመለስ ላስቲኩ ተጠቅልሎ መሬት ላይ። እማዬ ወይኑ መሐል ቆማለች፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጣብቆ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታ። ሰው ሁሉ ሲጠመቅ እሱ ብቻውን ለምን ይከልከል አለችኝ።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እኔም ገባሁ። ዝናቡ ያንዘፈዝፋል፣ የወይን ቅጠል ይሸታል። ስለ ሻጋታውም፣ ስለ ሰዓዳም ረሳሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅህም ደብተሬ። ጠጉሬ እስካሁን አልደረቀም።

መስከረም 5

ነጩ ሻጋታ ፍሬው ላይ ወጣ። ዘለላው ጫፍ ጫፉ ጠቆር ብሏል። እማዬ አየችው። ዛሬ ጠበል አላመጣችም። መጥረቢያውን ከዕቃ ቤት አውጥታ የጓሮው በር ላይ አስደግፋዋለች።

ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት አበላሽቼ ዋልኩ።

መስከረም 6፣ ጠዋት

ነገርኳት።

ዳሱ ሥር አስቀምጬ። ውሃው ነው አልኳት፣ ቅጠሉ ላይ የሚያድረው። የዝናቡም፣ የጠበሉም። ሰዓዳ ያለችውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር። እማዬ አንድ ቅጠል ገልብጣ አየች።

«እንግዲያስ ያበላሸሁት እኔ ነኛ?»

 በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«እኔው ነኝ እንጂ፣ አምላክ ስጦታዬን አልመለሰብኝም?»

አልመለሰብሽም እማዬ፣ አልኳት።

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሰበርኳት ብዬ ነበር። ነጠላውን ስታወርደው ግን ፊቷ ሌላ ሆኗል፤ ትኩሳቷ እንደለቀቃት ሕመምተኛ ቀለል ብሏል። ተነሥታ መጥረቢያውን ወደ ቦታው መለሰች።

አሁን ታች ያለውን ቅጠል እየለቀመች ነው። የታመመው ዘለላም ይቆረጥ፣ ይቃጠል ብላለች። ጠበሉን ለሥሩ አጠጣዋለሁ፣ ጠበል ይጠጣም የለ፣ አለች። የዘንድሮው ዘቢብ ከተረፈ እሰየው፣ ካልተረፈ ለከርሞ።

ለከርሞ አለች። አባዬ ካረፈ ወዲህ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። መቀሱን ይዘሽ ነይ እንጂ እያለችኝ ነው፤ መሄዴ ነው።