መንገዱ ሩቅ ነው ላሉን፦ ከቤሩት ስለሚጠበቀው አስከሬን

ለተከበሩ የአስከሬን ማስመለሻ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ እኛ በቆቦ ከሙቀቱና ከመሥሪያ ቤትዎ ዝምታ በቀር ደኅና መሆናችንን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ጋሹ እባላለሁ፤ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ቤሩት በሰው ቤት ስትሠራ የሞተችው የትርሲት አጎት ነኝ።

አንደኛ፣ አስከሬኗ ለምን እንደዘገየ ልጠይቅ አዲስ አበባ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዎ መንገዱ ሩቅ መሆኑን በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። እኔ አላዋቂው በስልኬ ብፈልግ ከቤሩት አዲስ አበባ በአየር ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም፣ በረራውም አምስት ሰዓት የማይሞላ ሆኖ አገኘሁት። ለካ ይህ ስሌት በሕይወት ላለ መንገደኛ ብቻ ኖሯል። እኔ በባጃጄ ከቆቦ ጎረቤታችን ዋጃ ከተማ ለመድረስ ጥቂት ብዘገይ ተሳፋሪው እናቴን ሳይቀር ያነሳብኛል፤ የእርስዎ መንገደኛ ግን አፍ የላትም።

ሁለተኛ፣ በዚህ ሳምንት ትገባለች ብላችሁ በስልክ ስላበሠራችሁን ውለታችሁ አለብኝ። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። መርዶውም ቀብሩም በአንድ ቀን ይሁንላት፣ እህቴ ሁለት ጊዜ አትሙት ብዬ፣ የትርሲትን እናት የሻረግን ልጅሽ ትንሽ አሟታል፣ ልትመጣ ነው አልኳት። ቃላችሁን እንደ ቃል መቍጠሬ ነበር። ያ ሳምንት ካለፈ ስንትና ስንት ሳምንት ሆነው። የሻረግ ለበሽተኛዋ ብላ ዶሮ አስራለች፤ ከአዲስ አበባ በሚያመጣው መንገድ፣ ከሮቢት በኩል ሚኒባስ በመጣ ቍጥር መንገድ ዳር ትቆማለች። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ ፊቷ እየሳቁ ያልፉና ጓዳቸው ገብተው ያለቅሳሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛው ግን እያደር ደፈረሰ።

ሦስተኛ፣ የቀረው አንድ ፊርማ ብቻ መሆኑን፣ ፈራሚውም ሥልጠና ላይ መሆናቸውን ሰምቼ ተጽናናሁ። ሥልጠናው ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ነው አሉ፤ ትምህርቱ ይግለጥላቸው።

አሁን ብነግራት የምታለቅስበት አስከሬን የለም፤ ባልነግራት ነገም መንገድ ዳር ናት። ምን እንደማደርግ አላውቅም ጌታዬ፤ መላው ጠፍቶኛል።

ደጅ መጥናት የማይሰለቸኝ፣ የቀረችውን አንዲት ፊርማ እንደ ክረምት ዝናብ የምጠባበቅ ትሑት አገልጋይዎ፣
ጋሹ ሙሉጌታ
ከቆቦ

ማስታወሻ፦ ትናንት የሻረግ ልጄን ለማምጣት የሚደክመው ማነው ብላ ጠየቀችኝ፤ አዲስ አበባ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው አልኳት። እጇን ዘርግታ፣ የእኔን ልጅ እንደሚያመጣልኝ እግዜር የእሱንም ልጆች እንደዚሁ አድርጎ ያምጣለት ብላ መረቀችዎ። አሜን ማለት ግን አልቻልኩም፤ እርስዎም ልጆች ይኖሩዎታል።