ስለ ካምቢዮው የፈረምኩት

ጥቅምት 5፣ ሐሙስ። ማታ

መኪናው ዛሬም ዘለለብኝ። የአባባን መድኃኒት ገዝቼ ስመለስ፣ ሳሪስ ላይ። ማርሽ ሊቀይር ሲል ከኋላ ሰው የገጨኝ ይመስል ወደ ፊት ወረወረኝ። ከዚያ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ከኋላዬ የሚኒባስ ጡሩምባ። አንዱ ወያላ አንገቱን አውጥቶ፣ ካልቻልሽ ለምን በእግርሽ አትሄጂም አለኝ። በእግሬ! ወርጄ ባሳየው ምን ይል ነበር?

ማስታወሻዬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግራ እግሬን በልጅነቴ ልምሻ ወስዶታል። ፍሪሲዮን አይረግጥም። ስለዚህ ነው አውቶማቲክ የገዛሁት፤ ለአካል ጉዳተኛ ከቀረጥ ነፃ ይገባል ተብዬ፣ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ። አዲስ ነው። ከነፕላስቲኩ ነው የተረከብኩት። የሁለት ዓመት ዋስትና አለው፤ ገና አንዱም አልሞላ። ማንንም ሳልለምን ወደፈለግኩበት የሄድኩት በዕድሜዬ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ደግሞ ዳገት ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

ጥቅምት 9፣ ሰኞ

ከምሠራበት ፋብሪካ ግማሽ ቀን ፈቃድ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ፊቱን አጠቆረ። ይጥቆር።

መኪናውን የሸጡልኝ ዘንድ ይኼ አራተኛዬ ነው። በፊት ዘይት ቀይረው፣ አጥበው ይመልሱልኝ ነበር። ዛሬ ኢንጂነሩ ራሱ ወጣ። ነጭ ጋዋን፣ ንጹሕ እጅ። ካምቢዮው፣ ማርሽ የሚቀይረው፣ ምንም አልሆነም አለኝ። የሚጎዳው በአነዳድ ነው፤ ዋስትናው ደግሞ የአነዳድ ጉድለትን አይሸፍንም። ይህን ሁሉ ሲል ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነው የሚያየው።

«ወይዘሪት አስቴር፣ ፍሬንና ነዳጅ አብረው ሳይረግጡ አይቀሩም።»

«ሁለቱን አብሮ የሚረግጥ እግር ቢኖረኝ አውቶማቲክ ምን ያደርግልኝ ነበር?»

እንደኔ ላለ ሰው መጀመሪያውኑ ሾፌር መቅጠር ይሻል ነበር ብሎ ገባ። ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ቆሜ ፊቴን እስክጠርግ ድረስ ሰው እንዳያየኝ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ።

አንድ ሰው ግን አይቶኛል። አቶ ሙሉጌታ ይባላሉ፤ ቃሊቲ የእህል ወፍጮ አላቸው። እሳቸውም ያንኑ ዓይነት መኪና፣ ያንኑ ሕመም ይዘው ነው የመጡት። እሳቸውን ደግሞ ጭነት አብዝተውበታል አሏቸው፤ ጭነው አያውቁም። ሌሎችም አሉ አሉኝ፤ እየተፈላለጉ ነው፣ ጠበቃ ይዘዋል፣ አብረው ሊከሱ። ትገቢያለሽ ወይ? እገባለሁ አልኩ። ሲወጡ በሩን ያዙልኝ፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳያዩኝ። እንዲህ በር የሚይዝ ሰው ጥቂት ነው።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

አባባ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ክረምቱን ሙሉ ሲያስሉ ነው የከረሙት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እስከ ቢሾፍቱ ደርሰን እንመለስ አልኳቸው። ሞኝነቴ።

ደህና ነበርን። መስኮቱን ከፍተው፣ ጤፉ ዘንድሮ አምሯል፣ እያሉ። ባቡር ነጂ ስለነበሩ መንገዱን የሚያውቁት ከሐዲዱ በኩል ነው፤ እዚህ ጋ ኩርባ አለ፣ እዚህ ጋ ከብት አይጠፋም፣ ቀስ ነው የሚባለው ይሉኛል። እኔም ቀስ እላለሁ። ዱከምን ስናልፍ መኪናው ጮኸ፤ ቆመ። ዲ ላይ ባደርገው፣ ሁለት ላይ ባደርገው፣ ዝም። ወደ ኋላም እምቢ።

እዚያው ቆመን የድሬዳዋው ባቡር መጣ። አባባ ወርደው ኮፍያቸውን አወለቁ። ነጂው አወቃቸው መሰለኝ፣ ፊሽካውን ረዘም አድርጎ ነፋ። አባባ ሳቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ሲቀድመኝ ነው የኖርኩት፤ ባቡር መኪናን ሲቀድም ዛሬ አየሁ!» ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሳሉ አልቆም አለ። መሐረባቸውን ቶሎ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ እኔ ግን ቀዩን አይቻለሁ።

በኢሱዙ ተጎትተን ገባን።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

ዶ/ሩ አባባን ውጭ አስቀምጠው እኔን ለብቻዬ አስገቡኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልፈልግም።

ሳንባ ነው። የሚሠራ ነገር የለም። ለሚቀጥለው ወር እንኳ መድረሳቸውን...

በታክሲ ተመለስን። አባባ ምን አሉሽ ብለው አልጠየቁኝም። ቤት ስንደርስ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሞጆ መሄድ እፈልጋለሁ አሉ። እማማ በላይነሽን ለማየት። ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደጓቸው። ከአልጋ ከዋሉ ቆይተዋል። ስለዚህ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

በኮንትራት ታክሲ ልውሰድዎት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የዛሬው መንገድ እንኳ ምን እንዳደረጋቸው አይቻለሁ፤ ሾፌሩ ይቸኩላል፣ ጉድጓድ አይመርጥም፣ በየጉድጓዱ ጎናቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ባቡሩም ቢሆን፣ ያንን ደረጃ መውጣት የማይታሰብ ነው፤ ደግሞ የመጣ ቀን ነው የሚመጣው።

«አንቺ ስትነጂ አያመኝም» አሉ።

ትንሽ ሆኜ ትምህርት ቤት በጀርባቸው አዝለው ነበር የሚያደርሱኝ። የባቡሩን ዩኒፎርም እንደለበሱ። ልጆቹ ሲስቁብኝ፣ ቀና በይ፣ ከሁሉም ከፍ ብለሽ ያለሽው አንቺ ነሽ ይሉኝ ነበር። ዛሬ እኔ ነኝ የማዝላቸው። የማዝልበት ግን ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ዶሮ እላዩ ላይ ይተኛል።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

የመኪና ሻጩ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አስጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ። አባቴ መታመማቸውን ሰምተዋል፤ አዝነዋል። ስለዚህ በትብብር፣ ዋስትናው ሳይመለከተው፣ ካምቢዮውን አውርደው ይሠሩልኛል። በዚሁ ሳምንት። አንድ ነገር ብቻ፦ ጉዳቱ የደረሰው በእኔ አነዳድ ነው፣ መኪናው ጉድለት የለበትም የሚል ወረቀት ላይ ልፈርም።

እውነት አይደለም አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ለፋይል ነው፣ ለፎርማሊቲ ነው አሉ።

ነገ እመልሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ለአቶ ሙሉጌታ ስልክ ደወልኩ። ወፍጮው ከኋላ ይሰማል።

«አስቴርዬ፣ እኔ አትፈርሚ ነው የምልሽ። ያቺን ወረቀት ለምን እንደሚፈልጓት እኔም አንቺም እናውቃለን። ግን አባት የኔ አይደሉም፣ ያንቺ ናቸው። አላዝሽም።»

ቢያዙኝ በተሻለ ነበር። ቢቆጡኝ፣ እምቢ ቢሉኝ፣ እኔም ተናድጄ የሆነ ነገር አደርግ ነበር።

ጥቅምት 25፣ ረቡዕ

ፈረምኩ።

እስክሪብቶውን ያቀበለኝ ኢንጂነሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ።

ጥቅምት 29፣ እሑድ

ሞጆ ደርሰን መጣን! ማስታወሻዬ፣ ደርሰን መጣን።

መኪናው እንደ ቅቤ ነው የሄደው። አንድ ጊዜ እንኳ አልዘለለም። አባባን ከፊት፣ ትራስ በጎናቸው። ቢሾፍቱ ላይ እርጎ ገዛሁላቸው፤ ሁለት ጊዜ ተጎነጩ። ባቡር አላገኘንም፤ ሐዲዱን ብቻ እያዩ ሄዱ።

እማማ በላይነሽ አልጋቸው ላይ ነጭ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው ጠበቁን። አባባ አጎንብሰው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ ሳሉ ያዛቸው፤ እማማም ጀርባቸውን እንደ ሕፃን መታ መታ አደረጉላቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም። ተጣሉ! አባታቸው በልጅነታቸው ስለሸጡት በሬ። ስሙ «ዳለቻ» ነበር ይላሉ አባባ፤ የለም «ቦራ» ነው፣ ዳለቻማ የጎረቤት ነው ይላሉ እማማ። እንዲህ ሆነው ምሳ ደረሰ። እማማ አጎረሷቸው። ሦስት ወር ሙሉ እኔ ለምኜ ያልበሉትን በሉ።

ስንነሳ እማማ እጃቸውን ሳይለቁ፣ «ደግሞ እንዳለፈው ጊዜ ዓመት ሙሉ እንዳታስጠብቀኝ» አሉ።

«አላስጠብቅሽም» አሉ አባባ።

ሁለቱም ያውቁት ነበር። እኔ ቁልፌን ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ ገባሁ።

በመልሱ ዱከም ላይ ትንሽ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ጎማው ነው አልኩ ለራሴ። አባባ ተኝተው ነበር።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ በሽታ ይውጣ ብሎ። የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ደፈንኩት። ግን ይገባል። አባባ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እጃቸው ቀዝቃዛ። የሰፈሩ ጥበቃ ፊሽካ ቢነፋ፣ የትኛው ባቡር ነው ይሉኛል። አላውቅም፣ ግን ለማስደሰት የድሬዳዋው ነው እላለሁ።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

አባባ ዐረፉ። ጎሕ ሲቀድ።

ኅዳር 20፣ እሑድ

ድንኳኑ ተነሳ። ግቢው ሰፊ ሆነ፤ ድሮም እንዲህ ነበር?

አቶ ሙሉጌታ በሰልስቱም ዛሬም መጥተዋል። ዛሬ ዱቄት በሠራተኛ አስይዘው። ስለ መኪና አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው፤ ክሱስ? አልኩ። ሌላ ጊዜ አሉ። ጨቀጨቅኳቸው።

ክሱ ተሰምቷል። የሻጩ ጠበቃ የእኔን ወረቀት አውጥቶ ለዳኛው አነበበ። ከባለመኪናዎቹ አንዷ በፈቃዷ ጉድለቱ የአነዳድ ነው ብላለች፤ የቀሩትም እንደዚያው ናቸው አለ። ከከሳሾቹ አንዱ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ መኪናዋን የገዙት የአልጋ ቁራኛ ሚስታቸውን ለማመላለስ ነው። እሳቸው ችሎቱ ውስጥ ተነሥተው፣ ይህቺ ሴት ማናት? ስንት ሰጧት? አሉ።

አቶ ሙሉጌታ ይህን የነገሩኝ አንገታቸውን ደፍተው ነው። እኔ የሠራሁትን እሳቸው አፈሩበት።

«እኔ አላዘንኩብሽም» አሉኝ ሲወጡ። «እናቴ ብትሆን እኔም እፈርም ነበር።»

ይህን ከሚሉኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 27፣ እሑድ

ጠዋት ወደ አባባ መቃብር ልሄድ መኪናውን አስነሣሁ። ከግቢው በር አልወጣም። ሞተሩ ይጮኻል። ይጮኻል። አጠፋሁት። መሪውን ይዤ እዚያው ተቀመጥኩ፤ ከጎኔ ያለው ትራስ ገና አልተነሣም።

በከዘራዬ ሄድኩ። ደረስኩ። ዘግይቼ፣ ግን ደረስኩ።

ኅዳር 28፣ ሰኞ

ለመኪና ሻጮቹ ደወልኩ። ኢንጂነሩ ነው ያነሣው። ፋይሌ ከፊቱ ነው፤ በእጄ የፈረምኩት ስላለ ዋስትናው ቀርቷል፣ ከእንግዲህ በራስዎ ወጪ ነው አለ። ትሑት ነበር። እግዜር ያጥናዎት እንኳ አለኝ።

መሸጥ እንዳልል፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና እንዲህ በቀላሉ አይሸጥም። እዚያው ይቁም። የገረመኝ በመኪናው አለመናደዴ ነው። ያቺ ወረቀት ግን አላስተኛ ብላኛለች። እነዚያ የማላውቃቸው መምህር። አልጋ ላይ ያለችው ሚስታቸው። እኔ አባቴን ሞጆ ሳደርስ እሷን ቤቷ አስቀረኋት።

ታኅሣሥ 2፣ ዓርብ

ከሥራ መልስ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። አቶ ሙሉጌታ ዱቄት ለብሰው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ። ልመስክር አልኳቸው። ለናንተ።

ወዲያው ደስ አላላቸውም። ጠበቃውን አገናኙኝ። ጠበቃው አልሸሸገኝም፦ የፈረምኩት ውሸት ነው ካልኩ፣ ሻጮቹ አይተኙልኝም፤ በፈረምሽው ትጠየቂያለሽ ሊሉኝ ይችላሉ፤ ከፋብሪካውም ብዙ ቀን መቅረት አለ። ዳኛው ላያምኑኝም ይችላሉ። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ነሽና።

አስቢበት አሉኝ ሁለቱም።

ታኅሣሥ 5፣ ሰኞ። ከሰዓት በኋላ

አስቤበታለሁ። እመሰክራለሁ። ነገ ነው የችሎቱ ቀጠሮ።

ለመቅረቤ ኃላፊዬን አስፈቅጃለሁ፤ ዛሬ ፊቱን አላጠቆረም፣ የአባቴ ጉዳይ መስሎታል። ልብሴን ተኩሻለሁ። አቶ ሙሉጌታ መጥቼ ልውሰድሽ ብለውኝ ነበር፤ አይሆንም፣ በአውቶቡስ እመጣለሁ አልኳቸው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከመምህሩ ጋር እንገናኛለን። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ምናልባት ዝም እላለሁ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ዳኛው ፊርማው ያንቺ ነው ወይ ቢሉኝ፣ የኔ ነው እላለሁ። ቃሉስ? ቢሉ፣ ውሸት ነው፤ ካምቢዮው ከመጀመሪያውም ታማሚ ነበር እላለሁ። ታዲያ ለምን ፈረምሽ ይሉኛል። አባቴን ሞጆ ለማድረስ። ይህ ለጉዳዩ አግባብነት የለውም ይሉ ይሆናል።

ቢሆንም ይጻፍልኝ እላለሁ።