የነፋሱን ፓምፕ ስላወረዱልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ጓድ አብተው፣
የአካባቢያችን የመስኖ ልማት ዘመቻ ኃላፊ፣
ዓለም ጤና

እኔ በዚሁ ከተማ ድጓ የማስተምርና ከመስኖው ቦይ ዳር ጥቂት መደብ ሽንኩርት ያለኝ መሪጌታ ሙሉብርሃን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ባለፈው ጥቅምት የነፋሱን ፓምፕ ከነእግሩ ነቅለው ስላወረዱልን የሚገባዎትን ሁሉ እንዲያገኙ ከልቤ በመመኘት ነው።

አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እኛ ከጉሮሯችን መድረቅ በቀር ደኅና ነን፤ የእርስዎን ደኅንነት ግን ከኮትዎ መጥበብ ተረድተን ፈጣሪን አመስግነናል።

አንደኛ፤ ጆቴ የተባለው የናዝሬት በያጅ የሠራልን ያ ፓምፕ ከነፋስ በቀር ምንም ሳይጠይቀን ውኃውን ከወንዙ ወደ ቦዩ ያወጣልን ነበር። እርስዎ ግን ነፋስ በዕቅድዎ ውስጥ ያልተያዘ ኋላ ቀር ኃይል መሆኑን ደርሰውበት በምትኩ የናፍጣ ሞተር አቆሙልን። ሞተሩ በተመረቀበት ዕለት ከውኃው ጭሱ በልጦ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ናፍጣው በመኪናዎ ሆድ ሲያልፍ እንጂ ወደ ሞተሩ ሲደርስ ያየ ሰው የለም። ዶሮ ግን ተኝታበት ፈልፍላለችና፣ ምርት አልተገኘም የሚልዎ ቢኖር ሐሰተኛ ነው።

ሁለተኛ፤ የፓምፑን ክንፎች ቆርቆሮ ለንግግር መድረክዎ ጣሪያ ስላደረጉት እናመሰግናለን። ማሳ ያጠጣ የነበረው ዛሬ ለአንድ ራስ ጥላ ሆኗል። ሆኖም ነፋሱ የቀድሞ ሥራውን አልረሳምና፣ እርስዎ ስለ ድርቅ መከላከል በሚናገሩበት ሰዓት ቆርቆሮውን እያንኳኳ ድምፅዎን ይውጠዋል፤ ሕዝቡም ከሁለቱ ተናጋሪዎች የትኛውን በጥሞና እንደሚሰማ ሳልነግርዎ ያውቁታል።

ሦስተኛ፤ ባላቸውን በሞት ያጡት ወይዘሮ ሎሚ መርዳሳ የልጆቻቸው የዓመት ቀለብ የሆነው ሽንኩርት በመደቡ ላይ ቢጠወልግባቸው፣ ደረቅ ጭራሮ ለቅመው ለመሸጥ ወደ ገበያ ወጡ። ደን አጥፊ ተብለው ከነሸክማቸው ሦስት ቀን ታስረው ተፈቱ። በዚያው ዕለት የእርስዎን የይለፍ ወረቀት የያዘው ከሰል ጫኝ መኪና በኬላው እጅ እየተነሣለት ወደ ሞጆ አለፈ። ግራር በሴት ጀርባ ሲሄድ ወንጀል፣ በመኪና ሲሄድ ዕቅድ እንደሚባል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እኔ የተማርሁት ግን ሌላ ነው፤ ዛፉን አንዱ አክስሎ፣ ዝናብ በቀረ ጊዜ የሚቀጣው ሌላው ከሆነ፣ ያ ሥርዓት ቀማኛነት እንጂ ፍርድ አይባልም።

ስለዚህ ሽንኩርቱ ጨርሶ ሳይደርቅ ፓምፑ ወደ ቦታው ይመለስ፤ የደን ሕጉም ከጭራሮ ለቃሚዋ በፊት በከሰል ጫኙ ይጀምር። ይህ ካልሆነ፣ በመጪው ሳምንት ሞተሩን ሊጎበኙ የሚመጡትን የበላይ ጓዶች በሚገባ እንቀበላቸዋለን። እያንዳንዱ ገበሬ ከማሳው የደረቀውን ነቅሎ በመድረክዎ ሥር ያኖራል፤ ወይዘሮ ሎሚም ከፊት ይቆማሉ። ማጨብጨቡን ለቆርቆሮው ትተንለታል።

ሥልጣንዎ እንደ ማሳችን እንዲለመልምልዎ እየተመኘሁ፣ በቸርነትዎ ከንፈሩ እንጂ ቃሉ ያልደረቀው አክባሪዎ፣

መሪጌታ ሙሉብርሃን
ጥር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ወረቀት ማስቀደድ፣ ጸሐፊውንም ማሳሰር ይችሉ ይሆናል። ነገር ግን እኔ የቃል ትምህርት ያሳደገኝ ሰው በመሆኔ የሰማሁትን አንዲት ፊደል አላጎድልም፤ ደቀ መዛሙርቴንም አስጠንቻቸዋለሁ። ወይዘሮ ሎሚን አስከትዬ ከቢሮዎ በመቅረብ ናፍጣው መቼ እንደሚደርስ በጠየቅሁዎ ጊዜ የመለሱልኝን፣ በእንግዶችዎ ፊት በራስዎ ዜማ እንዲህ ብለን እንደግመዋለን፦ «ምን ያጣድፍዎታል፣ መሪጌታ? ናፍጣው እስኪመጣ ሽንኩርቱም እንደ ሰፊው ሕዝብ ይታገሣ!»