መጋዙ አይሸጥም

ውድ ወንድሜ ኒዛር፣

አይሆንም! ከሰላምታው በፊት ይኼ ይቅደም። ጎረቤታችን ሙሕሲን ትናንት ከድሬዳዋ ጅቡቲ ሲገባ ቤቱ እንኳ ሳይደርስ እኛ ጋ መጥቶ መልእክትህን ነገረን። «ለጠረጴዛ መጋዙ ገዢ አግኝቻለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት መኪና ይዞ ይመጣል፤ ከነኮተቱ ጫኑለት» ብለሃል። ብደውልልህ ደግሞ «ያለቀ ነገር ነው» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። እሺ፣ ስልክ ይዘጋል። ሙሕሲን ነገ ይመለሳል፤ ይኼን ወረቀት በእጅህ ይሰጥሃል። ተቀምጠህ አንብበው።

ደህና ነህ ግን? እጅህስ እንዴት ነው? እናታችን ደህና ናት። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው፤ መብራትም እንደምታውቀው ነው።

የምትሸጥበትን ምክንያት በቃሌ ይዤዋለሁ። «ማሽኑስ አንድ ጥግ ይበቃዋል፤ ዕቃው ግን ቤቱን በላው» ትላለህ። «እናቴ መጋዘን ውስጥ ነው የምትኖረው» ትላለህ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «መከለያው እንኳ የማይጸና ማሽን ነው» ትላለህ። ስለ ቤቱ ያልከው ልክ ነበር፤ አልከራከርህም። ስለ መከለያው ያልከው ግን ውሸት ነው። ውሸቱ ያንተ አይደለም፤ የኔ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ይዤው ኖሬአለሁ፤ ዛሬ እነግርሃለሁ።

መጋዙን ከወደብ ያመጣህ ዕለት ታስታውሳለህ? ሰፈራችን ካርቲየ 7 ቢስ በሙሉ ወጥቶ ነው ያየህ፤ አንተም ሙሽራ ይዘህ የምትገባ ይመስል ነበር። ማሽኑ ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮው ሥር ቆመ። ዕቃዎቹን ግን የባሕሩ ጨው በሁለት ሳምንት ያዝጋቸዋል ብለህ እንግዳ ክፍል አስገባሃቸው። ጣውላው ተደግፎ የሚሄድበት ረጅም ብረት፣ አንተ «ትሪው» የምትለው ሰፊ ተንሸራታች ሰሌዳ፣ መቀጠያ ጠረጴዛው፣ ትርፍ ምላጮቹ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ደግሞ እጅ ምላጩን እንዳይነካ የሚሸፍነው መከለያ፤ ቢያቆሙት የሚወድቅ፣ ቢያስተኙት መንገድ የሚዘጋ። እናታችን የቻይና ሳህኖቿና ስፌቶቿ የሚሰቀሉበትን ግድግዳ በብረት ሞልተኸው ስታይ «የሐረር ሰው ቤት ነው ወይስ የፈረንሳይ ጋራዥ?» ብላ የጮኸችውን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል።

ከዚያ ረምዚ ሊያገባኝ ፈለገ። ቤተሰቦቹ እኔን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረን። አክስቱን ማይሙናን ታውቃታለህ፤ ከሰላምታዋ በፊት ግድግዳ ነው የምታየው። የኛ ሰው ቤት የሚለካው በሱ ነው፤ ስንት ሳህን አለ፣ ስፌቱ የማን እጅ ነው፣ እንዴት ተደረደረ። አንተ ያን ቀን ሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ የአንድ ቪላ በር ልትገጥም ሄደህ ነበር። እኔ ብረቱን በሙሉ አወረድኩ። መከለያውን በአሮጌ ሻሽ ጠቅልዬ እናታችን አልጋ ሥር እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋሁት፤ ፊት ለፊቱ ትሪውን፣ ከዚያ ሁለት ሻንጣ ደረደርኩበት። ሳህኖቹን ሰቀልኩ። ማይሙና መጣች፣ አየች፣ «ማሻአላህ! ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው» አለች። «ለቁርጡ ቀን ተመልሰን እንመጣለን» ብላም ሄደች።

በማግስቱ ሁሉንም መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩም። ሳህኖቹን ማውረድ አላስቻለኝም። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አንተ እንኳ አይተህ ስቀህ «እስኪወስዱሽ ድረስ ይሁን» ብለህ ተውከኝ፤ የምትፈልገውን ዕቃ እየጠራህ እኔ እየጎተትኩ አወጣልህ ነበር።

የአደጋው ዕለት ከምሳ በኋላ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ተኝቷል። አንተ ግን ለአንድ ቁም ሳጥን መደርደሪያ ትቆርጥ ነበር። ከግቢ ሆነህ «ሱሪያ፣ መከለያውን አምጪልኝ» አልክ። እናታችን አልጋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ሻንጣ መጎተት፣ ትሪ ማንሳት፣ እሷን መቀስቀስ... ታከተኝ። ወላሂ ታከተኝ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። «ብሎኑ ላልቷል፣ አይያዝም» አልኩህ።

«መቼ ነው የላላው?»

«ባለፈው። ልነግርህ ብዬ ረስቼው ነው።»

አመንከኝ። «ተዪው በቃ፣ አንድ ቁራጭ ናት» አልክና ማሽኑን አስነሳኸው።

ቀሪውን እኔ አልነግርህም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እናታችን ማሽኑን ስትረግም እኔም አብሬ ረገምኩ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። አንተም ተሽሎህ ስትወጣ ለጠየቀህ ሁሉ «ማሽኑ የማይረባ ነው» ስትል ሰማሁ፤ አፌን ዘጋሁ።

ኒዛር፣ ብሎኑ አልላላም ነበር። መከለያው ያኔም ደህና ነበር፤ ዛሬም ደህና ነው። ተቆጣ፣ ስደበኝ፣ ከፈለግህ ዓመት ሙሉ አታናግረኝ። ይገባኛል። ግን ቁጣህን ጥፋቱ ባለበት አድርገው። በኔ ውሸት ማሽኑን ልትሸጠው አትችልም። አልፈቅድም!

አሁን ደግሞ «ቤቱን በላው» ላልከው መልስ ልስጥህ። አንተ ድሬዳዋ አጎታችን ሱቅ ጨርቅ ልትለካ በሄድክ በሳምንቱ ሳህኖቹን አወረድኩ። አምስት ዓመት የጣውላውን ሌላ ጫፍ ይዤልህ ምንም ያልተማርኩ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ሁለት ጣውላ በሰያፍ ሰነጠቅኩ፤ አንዱን ግድግዳው ላይ መታሁ፣ ሌላውን ትሪው ጀርባ ላይ። አሁን ትሪው ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ በከበደ ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል እንጂ አይወድቅም። ረጅሙ ብረት ከበሩ በላይ በሁለት ክንድ ላይ ተኝቷል። መቀጠያ ጠረጴዛውን በማጠፊያ ከግድግዳው ጋር አያያዝኩት። ሥራ ሲኖረኝ ፈትቼ አወጣዋለሁ፤ ሳይኖረኝ እናታችን ዘርግታ ልብስ ትተኩስበታለች። ትርፍ ምላጮቹ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልለው እያንዳንዳቸው ኪስ አላቸው። መሬት ላይ አንድ ዕቃ የለም። እናታችን ከአልጋዋ እስከ በሩ ዓይኗን ጨፍና ትሄዳለች።

መከለያውስ አትልም? መጋዙ ሲሠራ ቦታው ማሽኑ ላይ ነው። ሥራ ሲያልቅ ሳወርደው ደግሞ ወደ ግቢው መውጫ ላይ አንድ ችንካር አለው። የማሽኑንም የመብራት ገመድ ያኔ ነቅዬ እዚያው ችንካር ላይ፣ ከመከለያው ኋላ ነው የምሰቅለው። መከለያውን በእጁ ሳያነሳ ገመዱን የሚያገኝ ሰው የለም። እኔም ብሆን፣ ቢታክተኝም፣ አላገኘውም።

ባለፈው ጁምዓ ማይሙና ሳትነግረን መጣች። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ሳህኖቹስ?» አለች።

«ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ አዴ ማይሙና።»

«ይኼ ሁሉ ብረት ምንድን ነው? ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ነው?»

«ሴት ልጅ የምትሠራበት ቤት ነው።»

«ስሚኝ ልጄ፣ ረምዚ የሚፈልገው ሳህን የተሰቀለበት ቤት ነው።»

«እንግዲያው ሳህን ያግባ!» አልኳት።

እናታችን የሻይ ትሪ ይዛ መሐላችን ቆማለች። «ሱሪያ!» አለች። ያኔ ነው የወጣልኝ። ላንተ ያልነገርኩህን ለነሱ ነገርኳቸው፤ ሻሹን፣ ሻንጣውን፣ ብሎኑን። «እነዚያ ሳህኖች የወንድሜን ጣት አስበልተዋል፤ እኔ በሕይወት እያለሁ እዚህ ግድግዳ ላይ አይወጡም» አልኩ። ማይሙና ሻዩን ሳትጠጣ ሄደች። ረምዚ እስከ ዛሬ ድምፁ የለም። ቢመጣ የሚመጣው እዚህ ቤት ነው፣ ከነግድግዳው። ቢቀር ደግሞ ይቅር አቦ!

እናታችን ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን የሳህኖቹን ካርቶን ራሷ እየገፋች አልጋዋ ሥር አስገባችው። ከዚያ ወገቧን ይዛ ቀና አለችና «ለወንድምሽ ጻፊለት። ከኔ አፍ እንዳይሰማው» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ሐሙስ ገዢህ ይምጣ። ክፉ ቃል አልናገረውም። ሻይ አጠጣዋለሁ፤ መኪናው ግን ባዶውን ይመለሳል። ያን ሰዓት መጋዙ ሥራ ላይ ነው የሚሆነው፤ የሀራሙሷ ደንበኛህ ያዘዘችህን ቁም ሳጥን ጀምሬዋለሁ። በግድ ይሸጣል ካልክ ሰው አትላክ፤ ራስህ ና። ና እና ጥፋቴን ፊት ለፊት ንገረኝ፤ አንገቴን ደፍቼ እሰማሃለሁ። ስትጨርስ ግን ቀና እላለሁ፤ ሥራም አለብን።

ለሙሕሲን «በዚህ እጅ ከእንግዲህ ምን እሠራለሁ?» ብለኸው ነበር አሉ። እኔ ልንገርህ። ያንተ ስምንት ጣት አለ፣ የኔ አሥር አለ። ለአንድ መጋዝ ይበቃል።

ጥፋቷን የማትክድ፣ ማሽኑንም የማትሰጥ
እህትህ ሱሪያ
ካርቲየ 7 ቢስ፣ ጅቡቲ